ነፍጥና መዝገብ፤ የደብረ ወርቅ፥ የብቸናና የሞጣ ባለነፍጦች ሥጋት ከታሪክ ምንጩ

ስለ ጎጃም ገበሬ ዐመፅ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የመሬትንና የግብርን ነገር ነው። ይህም ትክክል ነው፤ የጎጃም ሰው ርስቱ እንዳይለካበት፥ ግብሩም ከጥንቱ ልማድ እንዳያልፍበት ብሎ መከራከሩ በሚገባ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከመሬቱ ልኬት ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ቆጠራ ነበረ፤ ይኸውም የነፍጥ ቆጠራ ነው። ባለነፍጡ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ሹም ቤት እንዲቀርብ፥ ቁጥሩን እንዲያስመዘግብ፥ ለያዘውም ሆነ ወደፊት ለሚገዛው ፈቃድ እንዲቀበል በታዘዘ ጊዜ፥ ነገሩ ለመንግሥቱ ጸሓፊ ቀላል የመዝገብ ሥራ ሲመስለው፥ ለገበሬው ግን የኑሮውን ሥር የሚነካ ጉዳይ ሆኖ ታየው።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ነው። አሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ባለነፍጡ የፈራው ጠመንጃው መታወቁን አይደለም፤ ጠመንጃው በአገሩ ዘንድ ቀድሞም የታወቀ ነበረና። የፈራው የገዛ ሀብቱ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሰው ፈቃድ ተቀባይ መሆኑን ነው። ከባለቤትነት ወደ ባለፈቃድነት የሚወስደው መንገድ አንድ ቀጭን ወረቀት ብቻ ይመስላል፤ በጎጃም ታሪክ ግን ያ ወረቀት የብዙ ሰው ደም የፈሰሰበት ነው።

አገሩና ሰዉ

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም፥ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በቅዱስ ሉቃስ እጅ ተሣለ ተብሎ በሚነገርለት የእመቤታችን ሥዕል ከሩቅ አገር ሳይቀር ምእመናን የሚሳለሙባት ደብር አላት። በምዕራብ የጮቄ ተራራ፥ በምሥራቅ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ይገኛሉ። ደጋው ጤፍና ገብስ የሚያበቅል ለም መሬት ሲሆን፥ ቈላው በረሓ ነው፤ ከገዥ የተጣላ ሰው የሚሸፍትበት፥ ከብት ነጂ ወንበዴም የሚሸሸግበት ነበር።

ይህ የመሬት አቀማመጥ ለነገራችን መነሻ ይሆናል። የመንግሥት ኀይል ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ እስከ ዓባይ ጕድባ ድረስ በፍጥነት መድረስ በማይችልበት ዘመን፥ ከብቱንና አዝመራውን የሚጠብቅለት ዘበኛ ለገበሬው አልነበረውም። ጠባቂው እርሱ ራሱና ጎረቤቱ ነበሩ። ስለዚህ ነፍጥ በዚያ አገር ጌጥ ከመሆኑ በፊት የሥራ ዕቃ ነበረ፤ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር የሚቈጠር ነበር ቢባልም ማጋነን አይሆንም።

ነፍጥ ከየት መጣ

ጠመንጃ በኢትዮጵያ ከታወቀ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በገበሬ እጅ በብዛት የገባው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ፍጻሜ ወዲህ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን ጦራቸውን ይዘው ከዚያው ንጉሥ ጎን፥ አሁን ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ጋር፥ በዐድዋ ተሰለፉ። ከ1888 ዓ.ም. በኋላ የተማረከውም የተገዛውም ጠመንጃ በአገር ውስጥ ተበተነ። ሕዝቡም ለየዓይነቱ ስም አወጣለት። ስናይደር የተባለውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ሰናድር፥ ፉዚ ግራ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ፥ ማንሊኸር የተባለውን ምንሽር አለው። የስሞቹ መለወጥ ባዕዱ ዕቃ ምን ያህል የቤት ዕቃ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ጥይትም እንደ ዕቃ ብቻ አልታየም። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገንዘብ ፈንታ ይመነዘር ነበር። ገበሬ ጠመንጃ ለመግዛት በሬ መሸጥ ነበረበት፤ የገዛውንም በችግሩ ጊዜ መያዣ አድርጎ ገንዘብ ይበደርበት ነበር። እንግዲህ ነፍጥ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመ ሀብትም እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

የመግዣ ፈቃድ የሚባለው ነገር ግን ለገበሬው ከመድረሱ በፊት የደረሰው ለመንግሥቱ ራሱ ነበረ። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1906 በለንደን ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉ ጊዜ፥ የጦር መሣሪያ እንዴት እንደሚገባ የሚወስን ውል ጨምረው ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባም የጦር መሣሪያን ንግድ በሚመለከት ግዴታ እንድትቀበል ተደረገ። በመጨረሻ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከነዚሁ ሦስት መንግሥታት ጋር በፓሪስ በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት ለራሱ የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማስገባት መብቱ በጽሑፍ ታወቀለት። ይሁን እንጂ በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በድንበር ሲከማች፥ ታላላቆቹ መንግሥታት መሣሪያ ወደ ሁለቱም ወገን እንዳይላክ ከለከሉ። ክልከላው በቃል እኩል ነበረ፤ በሥራ ግን ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ብቻ ጐዳ። ፈቃድ ሰጪው ሌላ በሆነ ጊዜ ፈቃዱ በችግር ሰዓት ሊታጠፍ እንደሚችል ኢትዮጵያ እንደ መንግሥት ተምራዋለች። የብቸና ገበሬ በራሱ መንግሥት ላይ ያደረበትን ጥርጣሬ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ መንግሥቱ ለውጭ መንግሥታት ያቀርበው የነበረውን ክርክር ገበሬው ለመንግሥቱ ማቅረቡ ነበረና።

ነፍጥና ርስት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጎጃም የመሬቱ ሥርዐት ርስት ነበረ። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት የተወለዱ ሁሉ በትውልዳቸው የሚካፈሉት መሬት ነው። ባለርስቱ ያርሰዋል፥ ለልጁም ያወርሰዋል፤ ነገር ግን እንደ ገበያ ዕቃ ለባዕድ ሊሸጠው አይችልም፤ የዘመዶቹ ሁሉ መብት አለበትና። ድርሻውም ቢሆን ለዘለዓለም የተወሰነ አይደለም። ዘር ቈጥሮ የሚመጣ ዘመድ በማናቸውም ጊዜ ሊከስሰውና ሊካፈለው ይችላል። የባለርስቱ ማስረጃ ወረቀት አልነበረም፤ የሽማግሌ ምስክርነት፥ የትውልድ ቈጠራና በቦታው ላይ ጸንቶ መኖር ነበረ።

እንግዲህ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ለሚኖር ገበሬ የግሉ የሆነ፥ ማንም ዘመድ ድርሻ የማይጠይቅበት፥ በፈለገ ጊዜ የሚሸጠው፥ ለወደደው ልጁ የሚሰጠው ሀብት ምን ነበረ? ከብቱና ጠመንጃው ናቸው። ከብት ደግሞ በበሽታና በድርቅ ያልቃል፤ ጠመንጃ ግን በሚገባ ከተያዘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ነፍጥ ከሌሎቹ ሀብቶች ሁሉ ይልቅ ፍጹም የግል የሆነ ንብረት ነበረ። በዚያውም ላይ በወረቀት ያልጸናውን ርስት ያጸናለት ነበር። የመሬት ክርክር የሚፈረደው በዳኛና በሽማግሌ ቢሆንም፥ ነፍጥ ያለው ሰው መሬቱን በጕልበት ለመንጠቅ የሚመጣበት ጥቂት ነው። ርስቱ ነፍጡን ይገዛል፤ ነፍጡ ርስቱን ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱን መንካት ሌላውን መንካት ነበረ።

የነፍጥ ክብር በበዓልም ይታይ ነበር። በሠርግ፥ በጥምቀትና በታላቅ ሰው ልቅሶ ላይ ይተኰሳል፤ በፉከራና በቀረርቶ ይወደሳል። ይህን ብቻ ያዩ ብዙ ጸሓፊዎች ነገሩን ሁሉ የጀግንነት ፍቅር አድርገው ተርጕመውታል። ፍቅሩ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ክብሩ የመጣው ከጥቅሙ ነው እንጂ ጥቅሙ ከክብሩ አልመጣም።

ነፍጥ ያለ መዝገብ እንዴት ይታወቅ ነበር

መዝገብ ባልነበረበት ጊዜ ነፍጥ ያለ ሥርዐት ነበረ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአንድ መንደር ማን ምን ዓይነት ጠመንጃ እንዳለው፥ ከማን እንደ ገዛው፥ ስንት በሬ እንደ ሸጠበት ሁሉም ያውቃል። ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሲሰወር፥ አገሬው አውጫጭኝ ወጥቶ እስኪገኝ ድረስ ይጠየቅ ነበር። የተጣላን ሰው ሽማግሌዎች ዋስ እንዲጠራ ያደርጉታል። ሰው ከተገደለም ገዳዩ ከቀዬው ይሰደዳል፤ ዕርቅ የሚወርደው የደም ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ይህ ሥርዐት ጕድለት አልነበረውም አንልም። የደም መመለስ ልማድ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ብዙ ቤት ዘግቷል፤ ብዙ ልጅም የሌላ ሰው ዕዳ ከፍሏል። በዚህ ረገድ ነፍጥን የሚቈጣጠር ሕግ ያስፈልጋል ያሉ የመንግሥት ሰዎች አሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልዩነቱ ያለው ዕውቀቱን በሚይዘው ወገን ላይ ነው። የመንደሩ ዕውቀት በመንደሩ ይቀራል፤ ያወቀውም ሰው ነገ በተራው ይታወቃል። መዝገቡ ግን ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት ይሄዳል፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው የገበሬውን ያውቃል እንጂ ገበሬው የእርሱን አያውቅም።

የ1928 እና የ1929 ዓ.ም. ትምህርት

በጎጃም የመዝገብን ፍርሀት ያጸናው የኢጣልያ ወረራ ነው። ፋሺስቶች በግንቦት 1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ከያዙ በኋላ ከዋና ዋና ሥራዎቻቸው አንዱ መሣሪያ መሰብሰብ ሆነ። ነፍጥህን አስረክብ፥ በሰላም ትኖራለህ የሚለው ተስፋ በየቦታው ተነገረ። ያስረከበውም ብዙ ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ጭፍጨፋ በተሰማ ጊዜና በአገሩም ግፍ በበዛ ጊዜ፥ ነፍጡን ያስረከበ ሰው ራሱንም እንዳስረከበ ተረዳ። በ1929 ዓ.ም. መጨረሻና በ1930 መጀመሪያ ጎጃም በሙሉ ተነሣ። ለዚህ መነሣት የታሪክ ጸሓፊዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የትጥቅ ማስፈታት ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም አርበኞች ተዋጉ፤ ከመሪዎቹም መካከል መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህ፥ ኃይሉ በለውና በብቸና አገር በላይ ዘለቀ ይገኛሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መሬት የረገጡት በጎጃም በኩል፥ በኦሜድላ ነበር። ጕዟቸው የተቃናውም አርበኛው ነፍጡን ሳያስረክብ በመቈየቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የጎጃም ሰው ሁለት ነገር ተማረ። የመጀመሪያው፥ ነፍጥን የሚቈጥር ሰው ነገ የሚሰበስበው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ነፍጡን ያልሰጠው ሰው በመጨረሻ በመንግሥቱም ዘንድ የተመሰገነ መሆኑን ነው። ብዙው መሣሪያ ከዚህ በኋላ የተማረከ እንጂ የተገዛ አልነበረም። ከጠላት እጅ በደሙ የማረከውን ጠመንጃ እንዲይዝ ፈቃድ ጠይቅ የተባለ አርበኛ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ከነጻነት በኋላ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው መንግሥት አንድ ታላቅ ችግር ነበረበት። ገዥነቱ በአንድ ማእከል እንዲጠቃለል፥ ግብር በገንዘብ እንዲከፈልና በየአገሩ የጦር ኀይል የሚባለው የመንግሥት ጦር ብቻ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ጎጃም ግን ነጻ የወጣችው በገበሬ ነፍጥ ነው። ትናንት በነፍጡ የተመሰገነው ዛሬ በነፍጡ ተጠረጠረ። የበላይ ዘለቀ ፍጻሜ ይህን ያሳያል፤ ደጃዝማች ተብለው የተሾሙት አርበኛ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። የብቸና ሰው ይህን ፍርድ አልረሳውም።

ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ምክንያት ጎጃም ተቃወመች፤ መንግሥቱም ግብሩ በጥንቱ ልማድ እንዲቀጥል ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1950 መሬት ሊለካ ነው ሲባል እንደገና ዐመፅ ተነሣ። ሁለቱም ጊዜ ልኬቱ የቆመው ገበሬው ባለነፍጥ ስለ ነበረ ነው ለማለት ይቻላል። ይህን ገበሬውም ዐውቆታል፤ መንግሥቱም ዐውቆታል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የነፍጥ ምዝገባ ሲነሣ፥ ጉዳዩ የጸጥታ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ገበሬ ማግኘት እንዴት ይቻላል?

ነገሩ የከረረው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ጎጃምን ሲገዙ ነው። እኒህ ገዥ በ1950ዎቹ ተሾመው እስከ 1960 ዓ.ም. ቈዩ። በገዥነታቸው ዘመን ሕዝቡ ካሰማቸው አቤቱታዎች መካከል ለልዩ ልዩ ሥራ የሚጠየቀው መዋጮ፥ የሹማምንት ጕቦና የጠመንጃ ምዝገባ ይገኙበታል። ምዝገባውም ከክፍያ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፥ ባለነፍጡ በሁለት ፊት አየው። በአንድ ፊት በያዘው ሀብት ላይ የተጣለ አዲስ ግብር መሰለው፤ በሌላው ፊት ደግሞ ትጥቅ ለማስፈታት የሚዘጋጅ ዝርዝር መሰለው።

በዚህ መካከል በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 255 ወጣ። ዐዋጁ በቃሉ ሲታይ የተሻለ ፍትሕ ያለው ነበረ፤ ግብሩ በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በተገኘው ገቢ መጠን እንዲሆን ያዝዛልና። ነገር ግን ገቢን ለመገመት ገማች ወደ ማሳው መግባት አለበት፤ ማሳው ውስጥ የገባ ገማች ደግሞ መሬት ይለካል ተባለ። የተለካ መሬት ርስትነቱ ይጠፋል፥ ይሸጣል ተባለ። ብቸናና ሞጣ፥ እንደዚሁም ደጋ ዳሞትና ሌሎችም ወረዳዎች ገማቾቹን አናስገባም አሉ። ሽማግሌዎች በአቤቱታ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። አቤቱታው ባልሰመረ ጊዜ ተኵስ ተጀመረ፤ የመንግሥቱም ጦር ተላከ፥ አውሮፕላኖች በገበሬው ላይ ቦምብ እስከ መጣል ደረሱ። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፥ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፥ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ በግብር ስም ይታወቅ እንጂ፥ የገበሬው ክስ ሦስት ቆጠራዎችን አንድ ላይ ያያዘ ነበረ፤ መሬት ይለካል፥ እህል ይገመታል፥ ነፍጥ ይመዘገባል። ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች እነዚህ በሦስት ዐዋጅና በሦስት መዝገብ የተለዩ ነበሩ። ለገበሬው ግን መዝገቡን የሚይዘው እጅ አንድ ነበረ፤ ያ ምስለኔ፥ ያ ጸሓፊ፥ ያ ዘበኛ። በአንዱ መዝገብ ጕቦ የተቀበለው ሰው ሌላውን መዝገብ በንጹሕ እጅ ይይዛል ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው ምክንያት አልነበረውም።

በሌላ ዓለም

ይህ የመሬትና የመሣሪያ ቆጠራ መጣመር የጎጃም ብቻ አይደለም። በጃፓን ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ አገሩን አንድ አድርጎ ሲገዛ እ.ኤ.አ. ከ1582 ጀምሮ መሬቱን ሁሉ አስለካ፤ በ1588 ደግሞ ገበሬው ሰይፉንና ጠመንጃውን እንዲያስረክብ አዘዘ። ለታላቁ የቡድሃ ሐውልት ምስማርና ማያያዣ ይሆናልና ለነፍሳችሁም ይጠቅማችኋል ተባለ። ከዚያ በኋላ በጃፓን ገበሬና ወታደር ሁለት የተለያዩ ወገኖች ሆኑ። በስኮትላንድ ደጋም የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1716 እና በ1746 ትጥቅ ማስፈቻ ሕጎች አወጣ፤ ከሁለተኛው ጋር የጎሣ አለቆች የዳኝነት ሥልጣን ተሻረ።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምናገኘው ትምህርት፥ ማእከላዊ መንግሥት ሲበረታ መሣሪያን ለብቻው ለመያዝ መፈለጉ በሁሉ አገር የታየ መሆኑን ነው። በዚህ አንጻር የኢትዮጵያ መንግሥት አሳብ እንግዳ አልነበረም። ጎጃምን ልዩ የሚያደርጋት መንግሥቱ ቆጠራውን የጀመረው ገበሬውን ራሱ ሊጠብቀው በማይችልበት ጊዜ መሆኑ ነው። ወንበዴ ከቈላ ሲወጣ የሚደርስ ፖሊስ ሳይኖር ነፍጥህን አስመዝግብ ማለት፥ ቤቱን ሳይሠሩ የአሮጌውን ጎጆ ምሰሶ መንቀል ነው።

ከዘውዱ ወዲህ

የዘውዱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ርስት በሕግ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው በመሬቱ ላይ ተጠቃሚ እንጂ ባለቤት አልሆነም፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ በተደረገ ጊዜም ይህን በዐይኑ አየ። የዘመኑ ጠመንጃም ተለወጠ፤ የውጅግራና የምንሽር ቦታ በክላሽንኮቭ ተያዘ። ነገር ግን ቀደም ብለን ያስረዳነው ነገር በዚህ አልተሻረም፤ እንዲያውም ጸና። መሬቱ የመንግሥት ከሆነ፥ ለገበሬው ፍጹም የግሉ ሆኖ የቀረው ሀብት ከቀድሞው ይበልጥ ጥቂት ነውና።

በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 አጸደቀ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከለከለ፤ መያዝና መግዛት በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሕገ ወጥ የመሣሪያ ንግድ በአገሪቱ ሁሉ በበዛበት ጊዜ የወጣ ዐዋጅ ስለ ሆነ፥ አስፈላጊነቱን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ጎጃም የሚኖር ባለነፍጥ እንዲህ ያለውን ዐዋጅ የሚሰማው አባቱና አያቱ በነገሩት ታሪክ ጆሮ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኀይሎች እንዲፈርሱ በተወሰነ ጊዜ በአማራ ክልል ትጥቅ ልንፈታ ነው የሚለው ሥጋት በየከተማው ተሰማ፤ ተቃውሞውም ወደ ጦርነት ተሸጋግሮ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የዚህን ጦርነት ምክንያት ሁሉ በነፍጥ ምዝገባ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ሥጋቱ ያን ያህል በቶሎ የተቀጣጠለው ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመ ማገዶ ስለ ነበረው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው ሁሉ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ በብቸናና በሞጣ ነፍጥ የግል ሀብትና የርስት ዋስ ነበረ፤ ክብሩም ከዚህ የመነጨ ነው። ሁለተኛ፥ የአገሩ ሰው ነፍጥ ቍጥጥር አያስፈልገውም ብሎ አልተከራከረም፤ በዋስ፥ በሽማግሌና በአውጫጭኝ ሲቈጣጠረው ኖሯልና። የተከራከረው ተቈጣጣሪው በማይቈጠርበት ቆጠራ ላይ ነው። ሦስተኛ፥ መዝገብ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ሰው ወደ መዝገብ የሚቀርበው መዝጋቢው ነገ ምን እንደሚያደርግበት የሚተማመንበት ነገር ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ስለ ነፍጥ ፈቃድ ሕግ የሚያወጣ ወይም የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ስንት ጠመንጃ አለ የሚለውን ብቻ አይደለም። ፈቃዱ የተከለከለበት ሰው ለማን አቤት ይላል? ያስመዘገበውን መሣሪያ ሌላ ሰው ያለ ፍርድ ቢወስድበት የሚመልስለት ዳኛ ማን ነው? ሌሊት ከብቱ ሲነዳ የሚደርስለትስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባገኙበት አገር ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። መልስ ባላገኙበት አገር ግን ባለነፍጡ በመዝገቡ ላይ የሚያነበው የጠመንጃውን ቍጥር ሳይሆን የራሱን ስም ነው።